ብርድ፣ ነፋስና መንታ ጀልባ
የክረምት የካታማራን ውድድር ሳይንሳዊ ገጽታ

ስለ ሸራ ጀልባ ውድድር ሲነሣ በብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው ሥዕል ሞቃት ፀሐይ፣ ሰማያዊ ባሕርና ነጭ ሸራ ነው። ይሁን እንጂ በእንግሊዝ አገር በሚገኙ በርካታ የጀልባ ክለቦች ውድድሩ ብርዱ በጠናባቸው ወራትም አይቋረጥም። የሐይቁ ዳር በስስ በረዶ ተሸፍኖ ባደረበት ጠዋት ተወዳዳሪዎች ጀልባቸውን ከመጋዘን አውጥተው፣ የደረቁትን ገመዶች በእጃቸው አፍታተው፣ አምስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ወደሚሞቅ ውሃ ይገባሉ። ከእነዚህ ጀልባዎች መካከል ለብርዱ እጅግ የተጋለጡት፣ በዚያው ልክም ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ብዙ የሚያስተምሩት፣ ካታማራን የተባሉት ትናንሽ መንታ ጀልባዎች ናቸው።

ወደ ጉዳያችን ከመግባታችን በፊት አንድ ቃል እናጥራ። በእኛ አገር ክረምት ማለት የዝናብ ወራት ነው። በዚህ ጽሑፍ ክረምት ስንል ግን የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ የብርድ ወቅት፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር ማብቂያ እስከ የካቲት አጋማሽና ከዚያም በላይ የሚዘልቀውን ጊዜ ማለታችን ነው።

የምናነሣው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ብርድ ለአንዲት ተወዳዳሪ ጀልባ ምን ይሰጣታል? ምንስ ይወስድባታል? መልሱን ለማግኘት ሦስት ሂሳቦችን ማለትም የአየርን፣ የውሃንና የሰውነትን ሂሳብ በተራ እንመለከታለን። በመጨረሻ እንደምናየው፣ ከሦስቱ ውድድሩን የሚወስነው አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚገምተው አይደለም።

ለምን በክረምት? የትስ?

በክረምት የመወዳደር ልማድ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ፣ ከኒው ዮርክ ከተማ አጠገብ በሎንግ አይላንድ በሚገኘው የማንሃሴት የባሕር ወሽመጥ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1932 በትናንሽ ጀልባዎች የተደረገው ውድድር የዚህ ልማድ መነሻ ተደርጎ ይጠቀሳል። ተወዳዳሪዎቹም ብርድ ጣትና አፍንጫን ሲያደርቅ ከሚፈጠረው ጉዳት የተወሰደውን «ፍሮስትባይት» የሚለውን ስም ለራሳቸው መጠሪያ አደረጉት። ስሙ ዛሬም በእንግሊዝና በአሜሪካ ክለቦች የክረምት ውድድር መርሐ ግብር ላይ ይነበባል።

በእንግሊዝ የክረምት ውድድር በአብዛኛው ከባሕሩ ይልቅ ወደ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ያደላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዓመቱ አጭር ቀን ለንደን ላይ ፀሐይ የምትታየው ከስምንት ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። በባሕር ዳርቻ ላይ ማዕበልና የባሕር ውሃ ሙላትና ጉድለት ተጨምሮበት አንድ ጀልባ ቢቸገር ለመድረስ ጊዜ ያጥራል። ለመጠጥ ውሃ ተብለው የተገደቡት ሐይቆች ግን ዙሪያቸው የታወቀ፣ ዳርቻቸው ከየትኛውም ቦታ የሚታይ ነው። በ1960ዎቹ የተሠራው በካምብሪጅሺር የሚገኘው የግራፋም ሐይቅና በ1970ዎቹ የተሞላው የረትላንድ ሐይቅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። ረትላንድ በገጹ ስፋት ከእንግሊዝ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ሁሉ ይበልጣል፤ ወደ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሁለቱም ዳር የጀልባ ክለቦች አሉ።

ታዲያ ለምን በብርድ? አንደኛው ምክንያት ነፋስ ነው። በክረምት ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሡ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ሥርዓቶች በብሪታንያ ላይ ቶሎ ቶሎ ያልፋሉ፤ በበጋ ሳምንታት ሙሉ የሚጠፋው ነፋስ በክረምት ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ሁለተኛው ምክንያት ልምምድ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ጀልባውን ሸፍኖ የሚያስቀምጥ ተወዳዳሪ በፀደይ ሲመለስ እጁም ዓይኑም ዝገት ይዞት ያገኘዋል።

መንታዋ ጀልባ

ካታማራን የሚለው ቃል ከታሚል ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «የታሰረ እንጨት» ማለት ነው። የዛሬዋ ካታማራን ሁለት ረጃጅምና ቀጫጭን አካላት ያሏት ስትሆን (ከዚህ በኋላ ቀፎ እንላቸዋለን)፣ ሁለቱ ቀፎዎች በተሻጋሪ ብረቶች ተያይዘው በመካከላቸው እንደ አልጋ ጠፍር የተወጠረ ጨርቅ ይዘረጋል። ተወዳዳሪዎቹ የሚቀመጡት በዚህ ላይ ነው። ግድግዳም ጣሪያም የለም። ከታች የሚረጨው ውሃም ሆነ ከላይ የሚመጣው ነፋስ በቀጥታ ሰውነታቸውን ያገኛል።

የአሜሪካው ጀልባ ሠሪ ናትናኤል ሄረሾፍ እ.ኤ.አ. በ1876 «አማሪሊስ» የተባለች ካታማራን ሠርቶ በኒው ዮርክ ውድድር ላይ አቀረበ። ጀልባዋ ሌሎቹን ጥላ ሄደች፤ ውጤቷ ግን ከሌሎቹ ጋር የምትመደብ ዓይነት አይደለችም በሚል ተሰረዘ። በ1950ዎቹ የፕራውት ወንድማማቾች በእንግሊዝ ትናንሽ ካታማራኖችን እየሠሩ ማቅረብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1967 ሮድኒ ማርች የነደፋት «ቶርኔዶ» ከ1976 እስከ 2008 የኦሊምፒክ ጀልባ ሆና አገልግላለች፤ ከ2016 ጀምሮ ቦታዋን የያዘችው «ናክራ 17» ናት። በክለቦች ዘንድ ግን እጅግ የተስፋፋችው፣ አሜሪካዊው ሆቢ አልተር ያስተዋወቃት «ሆቢ 16» ናት፤ ከ100 ሺህ በላይ ተሠርታለች።

የካታማራን ፍጥነት ምሥጢር ምንድን ነው? በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊ መሐንዲስ ዊልያም ፍሩድ እንዳስረዳው፣ ጀልባ ውሃን እየገፋ ሲሄድ ከፊቱ ማዕበል ያነሣል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ማዕበሉም ይረዝማል። የማዕበሉ ርዝመት ከጀልባው ርዝመት ጋር እኩል ሲሆን ጀልባው ራሱ በፈጠረው ጉድጓድና ኮረብታ መካከል ይታሰራል። ለተራ ጀልባ ይህ የፍጥነት ወሰን በኖት ሲለካ በሜትር ከተሰጠው የጀልባው የውሃ መስመር ርዝመት ስኩዌር ሩት በ2.43 ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። አምስት ሜትር ለሚረዝም ጀልባ ውጤቱ 5.4 ኖት፣ ይኸውም በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የካታማራን ቀፎ ግን ርዝመቱ ከስፋቱ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ውሃውን እንደ ቢላዋ ይሰነጥቀዋል፤ የሚያነሣው ማዕበልም ትንሽ ነው። ስለዚህ በመካከለኛ ነፋስ እንኳ ይህን ወሰን ያለ ችግር ታልፋለች።

ቀጭን ቀፎ ግን ብቻውን መቆም አይችልም፤ ሚዛን ይፈልጋል። ይህ ወደ ጽሑፋችን ዋና ነጥብ ያመጣናል።

ሚዛኗ ሰው ነው

ትልልቅ የሸራ ጀልባዎች ከሥራቸው ከባድ ብረት ወይም እርሳስ ይሸከማሉ። ነፋሱ ሸራውን ሲገፋ ያ ክብደት ጀልባውን ወደ ቦታው ይመልሳል። በትንሿ ካታማራን ግን እንዲህ ያለ ክብደት የለም። ነፋሱን የሚቋቋመው የጀልባዋ ስፋትና የተወዳዳሪዎቹ ሰውነት ነው። ተወዳዳሪዎቹ ወገባቸው ላይ መታጠቂያ አስረው፣ ከምሰሶው በሚወርድ ሽቦ ላይ ተንጠልጥለው፣ በእግራቸው ብቻ የቀፎውን ጠርዝ ረግጠው ሙሉ ሰውነታቸውን ከጀልባዋ ውጭ ያደርጋሉ። ይህ ትራፔዝ ይባላል።

ሆቢ 16ን ወስደን ግምታዊ ስሌት እንሥራ። የጀልባዋ ክብደት 145 ኪሎ ግራም፣ ስፋቷ 2.41 ሜትር ነው። በሁለቱ ቀፎዎች መካከለኛ መስመር መካከል ያለውን ርቀት 2.1 ሜትር እንበል። ነፋሱ በሚመጣበት ወገን ያለው ቀፎ ከውሃው ሊነሣ ሲል ጀልባዋ የምትዞረው በሌላኛው ቀፎ ላይ ነው። የጀልባዋ ክብደት ከዚያ መዞሪያ 1.05 ሜትር ርቆ ይሠራል፤ ስለዚህ 145 በ1.05 ሲባዛ 152 ኪሎ ግራም ሜትር ያህል ይሆናል። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ ግራም የሆኑ ሁለት ተወዳዳሪዎች በትራፔዝ ሲወጡ የክብደት ማዕከላቸው ከመዞሪያው 3.1 ሜትር ያህል ይርቃል፤ 140 በ3.1 ሲባዛ 434 ይሆናል። ጠቅላላው 586 ነው።

ከዚህ ውስጥ የሰዎቹ ድርሻ 74 በመቶ ነው። ይህ ማለት ጀልባዋ ሳትገለበጥ ልትሸከመው ከምትችለው የነፋስ ኃይል ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚመጣው ከሁለት ሰዎች ጡንቻ፣ ቆዳና ጽናት ነው። አንባቢያን ይህን ቁጥር እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን።

አንደኛው ሂሳብ፦ ብርድ ለሸራው የሚሰጠው

የአየር እፍግታ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። በባሕር ወለል ከፍታና በተለመደው ግፊት፣ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 1.20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 5 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 1.27 ኪሎ ግራም። ነፋስ በሸራ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከእፍግታው ጋር በቀጥታ፣ ከፍጥነቱ ጋር ደግሞ በካሬ ይዛመዳል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት የነፋስ ፍጥነት የክረምቱ አየር ከበጋው ከ5 በመቶ በላይ ይገፋል። ተወዳዳሪዎች «የክረምት ነፋስ ከባድ ነው» ሲሉ የሚሰማው አባባል ተረት አይደለም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ መጠኑን አናጋንነው። ይህ 5 በመቶ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስን ነፋስ 20.5 ኪሎ ሜትር እንደማድረግ ነው። ነፋሱ ራሱ ከ20 ወደ 25 ቢያድግ ግን ኃይሉ በ56 በመቶ ይጨምራል። ክረምት ለሸራው የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ የአየሩ ክብደት ሳይሆን የነፋሱ መበርታት ነው።

የእፍግታን ነገር ለማነጻጸር ወደ አገራችን መለስ እንበል። የጣና ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በዚህ ከፍታ፣ የሙቀት መጠኑ 21 ዲግሪ በሆነ ቀን፣ የአየሩ እፍግታ 0.97 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ያህል ነው። ያችው ሆቢ 16 ከግራፋም ወደ ባሕር ዳር ብትመጣ፣ በአንድ ዓይነት የነፋስ ፍጥነት ሸራዋ የሚያገኘው ኃይል በ24 በመቶ ያንሳል። እንግሊዝ ላይ በክረምት 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍሰውን ነፋስ ለመተካት ጣና ላይ ወደ 23 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ያስፈልጋታል።

ሁለተኛው ሂሳብ፦ ብርድ ከቀፎው የሚወስደው

ቀዝቃዛ ማር ከሞቀ ማር ይልቅ በዝግታ እንደሚፈስ ሁሉም ያውቃል። ውሃም በመጠኑ እንዲሁ ነው። ፈሳሽ ነገር መፍሰስን የሚቃወምበት ባሕርይ ዝልግልግነት ሲባል፣ በ5 ዲግሪ የውሃ ዝልግልግነት በ20 ዲግሪ ካለው በግማሽ ያህል ይበልጣል። ታዲያ የጀልባዋ ሰበቃ በ50 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው? አይደለም። በቀፎው ጎን የሚፈሰው ውሃ የተረበሸ ፍሰት ስለሆነ ሰበቃው ከዝልግልግነት ጋር የሚዛመደው በጣም በላላ መንገድ ነው። የመርከብ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ቀመር ብናሰላ፣ አምስት ሜትር ለሚረዝምና በሴኮንድ አምስት ሜትር ለሚጓዝ ቀፎ ጭማሪው 7 በመቶ ያህል ይመጣል።

ሰበቃ ደግሞ የጀልባዋ ተቃውሞ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ማዕበልና አየርም አሉ። ሰበቃው የጠቅላላው ግማሽ ነው ብንል፣ ቀዝቃዛው ውሃ ከጀልባዋ የሚወስድባት ከ3 እስከ 4 በመቶ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ሂሳቦች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ብርዱ በአየር በኩል 5 በመቶ ሰጥቶ በውሃ በኩል ከ3 እስከ 4 በመቶ መልሶ ይወስዳል። በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይቀበላል እንደማለት ነው። ጀልባዋ ብቻዋን ብትወዳደር ኖሮ በበጋና በክረምት መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ ባልሆነ ነበር።

ማን አሸነፈ?

በክረምት ውድድር ላይ የሚሳተፉት ጀልባዎች ቁጥር ስለሚያንስ፣ ክለቦች ልዩ ልዩ ዓይነት ጀልባዎችን በአንድ መነሻ መስመር ያሰልፋሉ። ፈጣኗና ዘገምተኛዋ አብረው ሲሮጡ አሸናፊው እንዴት ይለያል? ለዚህ ጥያቄ የተሰጡት ሁለት መልሶች ሁለት የሳይንስ መንገዶችን ያሳዩናልና ጥቂት እንቆይባቸው።

የመጀመሪያው በፖርትስመዝ ከተማ አካባቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው መለኪያ ነው። ክለቦች የውድድር ውጤታቸውን ይልካሉ፤ ከተከማቹት ውጤቶች ለእያንዳንዱ የጀልባ ዓይነት ቁጥር ይወጣል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጀልባዋ ፈጣን ናት። የወሰደችው ጊዜ በ1000 ተባዝቶ በቁጥሯ ሲካፈል የተስተካከለው ጊዜ ይገኛል። ይህ መንገድ ጀልባዋ ለምን እንደምትፈጥን አይጠይቅም፤ ስትፈጥን ያየውን ይመዘግባል እንጂ። በምልከታ ላይ የተመሠረተ ነው።

ሁለተኛው ለትናንሽ ካታማራኖች ብቻ የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ነው። ይህ ውጤትን አይጠብቅም። የቀፎውን ርዝመት፣ የጀልባዋን ክብደት፣ የሸራውን ስፋትና ሌሎች ልኬቶችን ወስዶ በቀመር አማካይነት ፍጥነቷን አስቀድሞ ይተነብያል። በንድፈ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው።

ለምሳሌ ያህል መለኪያቸው 1.00 እና 1.20 የሆነ ሁለት ካታማራኖች አሉ እንበል። የመጀመሪያዋ ውድድሩን በ45 ደቂቃ ጨረሰች፤ ሁለተኛዋ በ52 ደቂቃ። የእያንዳንዳቸው ጊዜ ለመለኪያቸው ሲካፈል የመጀመሪያዋ 45፣ የሁለተኛዋ ደግሞ 43.3 ደቂቃ ይሆናል። ሰባት ደቂቃ ዘግይታ የደረሰችው አሸንፋለች። እንዲህ ባለ ውድድር ጥቂት ሴኮንዶች ደረጃ ይለውጣሉ።

ሁለቱም ሥርዓቶች ብልሃት የተሞላባቸው ናቸው። ነገር ግን በሁለቱም ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ዓምድ የለም፤ እሱም የደነዘዘ ጣት ነው።

ሦስተኛው ሂሳብ፦ ብርድ ከሰውነት የሚወስደው

ውሃ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከአየር ጋር ሲነጻጸር ወደ 25 እጥፍ ይጠጋል። በ5 ዲግሪ አየር ውስጥ ኮት ለብሶ መቆም የሚቻለው ሰው በ5 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ሌላ ፍጡር ነው። ካታማራን ላይ ያለ ተወዳዳሪ ደግሞ በሁለቱ መካከል ይኖራል። ልብሱን ውሃ ያርሰዋል፤ ነፋስ ያንን ውሃ እያተነነ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል።

ነፋስ ብርድን እንዴት እንደሚያከብድ ለመለካት በካናዳና በአሜሪካ ከ2001 ጀምሮ የሚሠራበት ቀመር አለ። በቀመሩ መሠረት አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ፊት ላይ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ ዲግሪ ጋር እኩል ነው። ካታማራን ወደ ነፋስ አቅጣጫ ስትጓዝ ደግሞ የራሷ ፍጥነት ከነፋሱ ጋር ይደመራል፤ ተወዳዳሪውን የሚመታው ነፋስ ዳር ላይ የቆመ ተመልካች ከሚሰማው የበረታ ነው። ይህ ሁሉ የተሰላው ለደረቅ ቆዳ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሰውነት ለዚህ የሚሰጠው ምላሽ ጥበብ ያለበት ነው። ልብን፣ ሳንባንና አንጎልን ለማዳን ወደ እጅና እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። የጣት ቆዳ ሙቀት ወደ 15 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲወርድ ጣቶች ቅልጥፍናቸውን ማጣት ይጀምራሉ። ለመኖር የሚጠቅመው ይህ ውሳኔ ለመወዳደር ይጎዳል፤ የሸራውን ገመድ በየቅጽበቱ መሳብና መልቀቅ ያለበት ያ ጣት ነውና።

አሁን ያን 74 በመቶ እናስታውስ። ከሁለቱ አንዱ እጁ ስለደነዘዘ ከትራፔዙ ተመልሶ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ቢቀመጥ፣ የክብደት ማዕከሉ ከመዞሪያው ያለው ርቀት ከ3.1 ሜትር ወደ 2.2 ሜትር ያህል ይወርዳል። 70 ኪሎ ግራም በ0.9 ሜትር ሲባዛ 63 ኪሎ ግራም ሜትር ይጠፋል። ይህ ከጠቅላላው 586 ወደ 11 በመቶ ይጠጋል። አየሩ በብርድ ምክንያት ከሰጠው 5 በመቶ በእጥፍ የሚበልጥ ነው። ነፋሱ በርትቶ ጀልባዋ ያላትን ሚዛን ሁሉ በምትፈልግበት ሰዓት፣ አንድ ሰው መብረዱ ከአየርና ከውሃ ለውጥ ይበልጥ ይጎዳታል።

የክረምት ውድድር የሚሸነፈው፣ ባስ ሲልም አደጋ የሚደርሰው፣ በዚህ ሦስተኛ ሂሳብ ነው።

ስትገለበጥ

ካታማራን ቀጥ ብላ ስትቆም እጅግ የተረጋጋች ናት። ችግሩ ፈጽማ ስትገለበጥም ያንኑ ያህል መረጋጋቷ ነው። ሁለቱ ቀፎዎች ሰማይ እያዩ፣ ምሰሶዋ ወደ ሐይቁ ወለል ወርዶ ትንሳፈፋለች። በጎኗ ስትወድቅ ግን ጊዜ አለ። ተወዳዳሪዎቹ የሸራውን ገመድ ይለቃሉ፤ ነፋሱ ከሸራው ሥር እንዲገባ ጀልባዋን ያዞራሉ፤ ከዚያም በላይኛው ቀፎ ላይ የተወረወረ ገመድ ይዘው፣ በታችኛው ቀፎ ላይ ቆመው፣ ሰውነታቸውን ወደ ኋላ ይጥላሉ። አሁንም መፈንቅሉ ሰው ነው። ለዚህም ነው አንዳንዶች ምሰሶዋ እንዳይሰጥም ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ነገር የሚያስሩት።

ይህን ለማድረግ ምን ያህል ጊዜ አላቸው? በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ጎርደን ጊስብረክት እጅግ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሚወድቅ ሰው «1–10–1» በሚል ቁጥር የሚታወስ መመሪያ አስተዋውቀዋል። የመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ትንፋሽን የመቆጣጠሪያ ናት። ቀዝቃዛ ውሃ ቆዳን በድንገት ሲነካ ሰው ሳይፈልግ በረጅሙ አየር ይስባል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ያሻቅባሉ። አፉ በዚያ ቅጽበት ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ቀጥሎ ያሉት አሥር ደቂቃዎች እጅና እግር ትርጉም ያለው ሥራ የሚሠሩባቸው ናቸው። ከዚያም ሰውነት ሙቀቱን አጥቶ ራስን እስከመሳት ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል ይቀራል።

ከዚህ የምንማረው ብዙዎች የሚያምኑትን የሚቃረን ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የሚገድለው ቀስ በቀስ በማቀዝቀዝ ብቻ ይመስለናል። በእንግሊዝ ፍራንክ ጎልደንና የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲው ማይክ ቲፕተን ያካሄዷቸው ጥናቶች እንዳሳዩት ግን፣ ብዙ ሰዎች የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ ሰውነታቸው ገና ሳይቀዘቅዝ፣ በትንፋሽ መዛባትና በመስጠም ነው። ዋና የሚችልም ከዚህ አያመልጥም። ስለዚህ ጭንቅላትን ከውሃ በላይ የሚይዝ ተንሳፋፊ ሰደርያ ከማንኛውም ችሎታ ይቀድማል።

ልብሱም በሳይንስ የተሠራ ነው። ኒዮፕሪን የተባለው ጎማ በውስጡ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች ስላሉት ሙቀትን አያስተላልፍም፤ በልብሱና በቆዳው መካከል የምትገባውን ስስ ውሃም ሰውነት አሙቆ ይዟት ይቆያል። ደረቅ ልብስ የሚባለው ደግሞ በአንገትና በእጅ አንጓ ላይ በጥብቅ የሚዘጋ ሆኖ ውሃን ፈጽሞ አያስገባም፤ ከሥሩ የሚለበሰው ሱፍ መሰል ልብስ አየር ይዞ ያሞቃል። ከደረቅ ልብሱ ውጭ የሚቀሩት እጅና ፊት ናቸው። ጓንት ወፍራም ሲሆን ይሞቃል፤ ገመድ ግን አይዝም። ስስ ሲሆን ገመድ ይይዛል፤ አይሞቅም። ይህን ጥያቄ ማንም ሙሉ በሙሉ አልፈታውም።

ክለቡ የሚወስነው

ከተወዳዳሪው ውጭ ሌላ ውሳኔ ሰጪ አለ፤ ክለቡ። በክረምት የውድድር ኃላፊዎች ጉዞውን ያሳጥራሉ፤ ጀልባዎቹ ዳር እንዳይርቁ ምልክቶቹን አቀራርበው ይተክላሉ። ሞተር ያላቸው የነፍስ አድን ጀልባዎች ውሃ ላይ ሳይወጡ ውድድር አይጀመርም። እነዚህ ጀልባዎች በአንድ ጊዜ ሊረዱ የሚችሉት ሰው የተወሰነ ነው፤ በአንድ ኃይለኛ ነፋስ ሦስት ካታማራኖች ቢገለበጡ ስድስት ሰዎች ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም ያቺ የአሥር ደቂቃ ሰዓት መቁጠር ጀምራለች። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ቁጥርና የሐይቁ ስፋት ሲታይ በዚያ ጊዜ ሁሉንም መድረስ ካልተቻለ፣ ኃላፊው ውድድሩን መሰረዝ ይኖርበታል። ነፋሱ ለመወዳደር እጅግ የሚያጓጓ በሆነበት ቀን ውድድሩ የሚሰረዘው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ወጣት ተወዳዳሪዎች በዚህ ቅር ሲሰኙ ይታያል፤ የአሥር ደቂቃዋን ሂሳብ የሠራ ሰው ግን አይፈርድም።

ከዚህ ሁሉ ምን እንጨብጣለን?

ሦስቱን ሂሳቦች በአንድ ላይ ስናያቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ብርድ በአየሩ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ በውሃው ላይ የሚያመጣውም ትንሽ ነው፤ ሁለቱም እርስ በርስ ይጣፋሉ። በሰው ላይ የሚያመጣው ግን ትልቅ ነው። በትንሿ ካታማራን ደግሞ ሰው ተሳፋሪ ብቻ አይደለም፤ የጀልባዋ ክብደት፣ መፈንቅልና መሪ እሱ ነው። ስለዚህ ለተወዳዳሪው ጓንት፣ ደረቅ ልብስና ትኩስ ሻይ ማሰብ፣ ለጀልባዋ ሸራና ቀፎ ከማሰብ ያነሰ የምሕንድስና ሥራ አይደለም። አንድን ሥርዓት ስንመረምር ሰውን ከስሌቱ ውጭ ካደረግን፣ ከስሌቱ ያስወጣነው ትልቁን ቁጥር ሊሆን ይችላል። ይህ ለፋብሪካም፣ ለሕንጻ ሥራም፣ ለመንገድ ትራንስፖርትም የሚሠራ ትምህርት ነው።

በመጨረሻም ለአንባቢያን አንድ የቤት ሥራ እንተው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀምንባቸው ተወዳዳሪዎች 70፣ 70 ኪሎ ግራም ነበሩ። እያንዳንዳቸው 55 ኪሎ ግራም ቢሆኑ የሰዎቹ ድርሻ ስንት በመቶ ይሆናል? ጀልባዋ የምትሸከመው የነፋስ ኃይልስ በምን ያህል ይቀንሳል? ነፋሱ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር እንደሚዛመድ አስታውሳችሁ፣ እነዚህ ቀላል ተወዳዳሪዎች ከከባዶቹ ቀድመው ሸራቸውን ማላላት የሚጀምሩት በየትኛው የነፋስ ፍጥነት ላይ እንደሆነ አስሉ። መነሻው እርሳስ፣ ወረቀትና በሁለተኛ ደረጃ የተማርነው የመፈንቅል ሕግ ብቻ ነው።